የዶይል ፔኒክስ እርሳስና ላጲስ

ዶይል ፔኒክስ እርሳሱን እንደጨበጠ ሞቶ ተገኘ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የሃርጊስ ኮሌጅን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ መጻፉን አልተወም። አሁን በኮሌጁ የጨዋታ አዳራሽ ምድር ቤት፣ በመዝገብ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ከወንበሩ ሥር ከባድ የነሐስ ቃጭል ወድቋል። ቡድኑ «በቅሎዎቹ» ስለሚባል፣ ድሮ ደጋፊዎች በቅሎ አንገት ላይ አስረው ሜዳ ያስገቡት የነበረ ቃጭል ነው። ጠርዙ ላይ ደምና ሽበት ተጣብቋል። አጠገቡ ያለችው ትንሽ ሬዲዮ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ በቅሎዎቹ በሦስት ነጥብ ማሸነፋቸውን ትለፍፋለች።

በዚያው ቅዳሜ፣ በጨዋታው ዕረፍት ላይ፣ ኮሌጁ ሜዳ መሃል አቁሞ «ታማኝ እጅ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ሸልሞት ነበር። አምስት ሺህ ሰው ቆሞ አጨበጨበለት። ታማኝ እጅ! ውሸት ዕድሜው ሲረዝም እንደ ሽማግሌ ይከበራል።

የካውንቲዋ መርማሪ ኢሞጂን ስታምፐር ስትደርስ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ሆኗል። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኳስ እየመራች የምታቀብል ጋርድ ሆና ስትጫወት የተሰበረች ትንሽ ጣቷ እስከ ዛሬ እንደተጣመመች ናት። ሬሳውን ትታ በመጀመሪያ ያየችው ጠረጴዛውን ነበር።

«ሁለት ደብተር» አለች።

«ደብተሩን ተዪውና ሰውየውን እዪ እንጂ» አለ ሸሪፍ ኮምብስ። ወፍራም፣ ችኩል ሰው ነው።

«ሰውየው የትም አይሄድም።»

አንደኛው ደብተር አዲስ ነው፤ የዕለቱ ጨዋታ ነው። ዶይል ሬዲዮውን እያዳመጠ ከእያንዳንዱ ተጫዋች የማሊያ ቁጥር ትይዩ ነጥቡን መዝግቧል። የመጨረሻው ምልክት በሁለተኛው አጋማሽ፣ ጨዋታው ሊያልቅ አሥራ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሁለት ሴኮንድ ሲቀር፣ ሃምሳ ቁጥር ላስገባው ኳስ የተሰጠ ሁለት ነጥብ ነው። ከዚያ ወዲያ ገጹ ባዶ ነው።

ሁለተኛው ደብተር ያረጀ፣ ጠርዙ የበለዘ ነው። አርባ ስምንት ዓመት ወደኋላ፣ የሰባ ስድስቱ ቡድን የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ተገልጧል። አጠገቡ ላጲስ አለ። ኢሞጂን ጎንበስ ብላ በሟቹ እጅጌ ላይ እፍ አለች፤ የላጲስ ፍርፋሪ በነነ።

«ሟቹ ዛሬ ሲጽፍ ብቻ አልዋለም» አለች። «ሲያጠፋም ነበር።»

«ገዳዩን ነግሬሽ ልገላግልሽ» አለ ሸሪፉ። «ሬይ ቶሊቨር። ዘበኛው በሁለተኛው አጋማሽ እዚህ በር ላይ አይቶታል። ትናንት ደግሞ ሎሬታ ቤት ‹አንገትህን እሰብረዋለሁ› ሲለው ምግብ ቤቱ ሙሉ ሰምቷል። ሰኞ ጠዋት ክስ እመሠርታለሁ።»

ሎሬታ ቤት የተፈጠረውን ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። አርብ አርብ ጠዋት፣ በጥጉ ጠረጴዛ፣ አራት ሰዎች ለስላሳ ዳቦ በስጎ እየበሉ ይከራከራሉ፤ ዶይል፣ ፀጉር አስተካካዩ ቨርነን ክሩምሊ፣ ከማዕድን ሥራ ጡረታ የወጣው ሬይ ቶሊቨርና የቀድሞዋ የሒሳብ መምህርት ሚስ ኔል ኦስቦርን። የዚያ አርብ ክርክር በየዓመቱ የማያልቀው ነበር፤ በኮሌጁ ታሪክ የሚገባውን ክብር ያላገኘ ጋርድ ማን ነው? ነገ የወቅቱ የመጨረሻ የሜዳቸው ጨዋታ ስለሆነ ድምፅ መስጠት አለባቸው።

«ስኪፕ ላንደርስ!» አለ ቨርነን ጠረጴዛውን እየደበደበ። «ሁለት ጥርሱን ሜዳው ላይ ትቶ የሄደ ልጅ! ከናንተ ውስጥ ለኮሌጁ ጥርሱን የሰጠ ማን አለ?»

«ጥርስ አይመዘገብም፣ ቨርን» አለ ዶይል።

«የኔ ምርጫ ይታወቃል» አለ ሬይ። «ወንድሜ ኢላይጃ።»

«አሁንስ ሰለቸኝ!» አለ ዶይል። «በመጨረሻው ጨዋታ ለጓደኞቹ አመቻችቶ ያቀበለው ስንት ነው? ሦስት። ሦስት ኳስ! አያቴም ታቀብላለች።»

«ዘጠኝ ነው» አለች ሚስ ኔል ሹካዋን አስቀምጣ። «ለተማሪዎች ጋዜጣ የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ደብተሩ ዛሬም አለኝ።»

ዶይል ሳቀ። «ፍቅር የያዛት ልጅ መቁጠር አትችልም።»

«አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የራስህ ሁለት ልጆች መቁጠር የተማሩት ከኔ ነው፤ ካንተማ ቢማሩ ጉድ ይፈላ ነበር።»

ቨርነን ቡናው ትን አለው። ዶይል ግን ጣቱን አንስቶ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲመካበት የኖረውን ቃል ተናገረ። «ያልተመዘገበ አልተደረገም።»

ሬይ የተነሳው ያን ጊዜ ነው። «ወንድሜ እኮ ወደ ትልቁ ሊግ ሊሄድ ነበር! ‹ወረቀቱን ላኩልን› አሉ። አንተ የጻፍከው ወረቀት ተላከ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ከሰል ቆፍሮ፣ ሚያዝያ ላይ ሳንባው ጠቁሮ ሞተ። አንገትህን እሰብረዋለሁ!»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያን ዘመን ጥቁር ጋርድ ኳሱን ይዞ ቡድኑን ሲመራ ማየት የሚያንገበግባቸው ሰዎች በአዳራሹ ሞልተው ነበር። እነሱ ሲጮሁ ሲሳደቡ ዋሉ፤ ዶይል ግን ዝም ብሎ እርሳስ ቀረጸ። ኮሌጁም ዛሬ ስለ ጋርዶቹ ሲጠየቅ የሚወዳቸውን ብቻ ይቆጥራል፤ በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ እንደተባለው።

ሚስ ኔል ሬይን እጁን ይዛ አስቀመጠችው። ከዚያ ረጋ ብላ ለዶይል እንዲህ አለችው፤ «ለኮሌጁ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ሜዳ ዳር ሆነህ የጻፍክባቸውን የእርሳስ ደብተሮች ሰኞ ሊከፍቷቸው ተስማምተዋል። እናያለን።»

የዶይል ፊት አመድ መሰለ። ሒሳቡን ሳይከፍል ወጣ።

ቅዳሜ፣ አዳራሹ ባዶ ሳይሆን፣ ኢሞጂን ሦስቱን አንድ በአንድ ጠየቀች። ቀድማ ቨርነንን ያዘች።

«ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር የት ነበርክ?»

«ወንበሬ ላይ።»

«ቨርነን።»

«እሺ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲጋራ እያጨስኩ። ግሎሪያ አቁሟል ብላ ነው የምታምነው። ኢሞጂን፣ በእናትሽ፣ እስር ቤት ውሰጂኝ እንጂ ለሚስቴ አትንገሪ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ሸሪፍሽን ጠይቂው። ሁለት ሲጋራ ለምኖኝ፣ ክብሪቴን ይዞ ሄደ። እስከ መጨረሻው አምስት ደቂቃ ስለ ጉልበቱ ሲነግረኝ ነበር።»

ሸሪፍ ኮምብስ ኪሱን ዳሰሰና ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

ሬይ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ትላልቅ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው።

«ለምን ወረድክ?»

«ልመታው። አልዋሽሽም። ያን ሰሌዳ ሲሸልሙት ዓይኔ ደም ለበሰ።»

«እና?»

«አንኳኳሁ። ሬዲዮው ይጮሃል፣ ሰው አይመልስም። የፈራ መሰለኝ። ደስ አለኝና ተመለስኩ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ሬሳ ላይ ነው እንዴ የፎከርኩት?»

«ጨዋታው ስንት ደቂቃ ቀርቶት ነበር?»

«አሥር ገደማ። ስወጣ ዲክሰን አምስተኛ ጥፋት ሞልቶበት ሲወጣ ደረስኩ።»

ሚስ ኔል የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን በምትቀመጥበት ወንበር ላይ ነበረች። መነጽሯን አውልቃ ትጠርጋለች።

«ከዚህ አልተነሱም፣ ሚስ ኔል?»

«ደብተር የያዘ ሰው ይነሳል እንዴ ልጄ? እንኪ፣ እዪው።»

ኢሞጂን አየችው። እንደ ታተመ መጽሐፍ የጠራ ነው። ሁለቱም አጋማሾች፣ እያንዳንዱ ነጥብ፣ እያንዳንዱ ጥፋት፣ ከየቁጥሩ ትይዩ። ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም፤ ተነስታ የሄደች ሴት ይህን ልትጽፍ አትችልም።

«ልውሰደው?»

«ውሰጂው፤ ገጹን ግን እንዳታጥፊብኝ።» ከዚያ ዝቅ ብላ ጠየቀች። «ሬይን ሊያስሩት ነው?»

«ሸሪፉ ወስኗል።»

ሚስ ኔል መነጽሯን መልሳ አደረገች። 

ኢሞጂን ወደ ምድር ቤት ስትመለስ ሸሪፉ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ሲጮህ ሰማች። በርሜል ውስጥ፣ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ፣ በደም የጨቀየ አሥራ ሁለት ቁጥር ማሊያ ተነክሯል።

«ገዳዩ ደሙን ያበሰበት ነው!» አለ ሸሪፉ።

«የዲክሰን አፍንጫ ነው፣ ጌታዬ!» አለ የቡድኑን ልብስ የሚይዘው ሽማግሌ ሆባርት ተቆጥቶ። «ጨዋታውን አላያችሁም እንዴ? ሁለተኛው አጋማሽ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው በክርን መቱት። ደም የነካው ማሊያ ሜዳ አይገባም፤ ሕጉ ነው። ስም የሌለው ትርፍ ማሊያ አልብሼ መለስኩት።»

«ቁጥሩ ስንት ነው?» አለች ኢሞጂን።

«ሃምሳ። አሥር ደቂቃ ከምናምን ሲቀር በጥፋት ወጣ፤ ወደ ጨዋታው አልተመለሰም።»

ኢሞጂን ከበርሜሉ አጠገብ ቁጭ ብላ የሚስ ኔልን ደብተር ገለጠች። በተጣመመች ጣቷ አንድ መስመር ከላይ እስከ ታች ተከተለች። ከዚያ ዘጋችው። ፊቷ ላይ ደስታ አልታየም።

ሰኞ ጠዋት ሎሬታ ቤት ለሌላ ደንበኛ ተዘጋ። በጥጉ ጠረጴዛ ቨርነንና ሚስ ኔል ተቀምጠዋል። ሸሪፉ ሬይን በካቴና አምጥቶ አስቀመጠው። የኮሌጁ ጠበቃም ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ዳር ይዟል። የዶይል ወንበር ባዶ ነው።

«ዶይል የሞተው ጨዋታው አሥራ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሁለት ሴኮንድ ሲቀረው ነው» ብላ ጀመረች ኢሞጂን ቆማ። «እርሳስ በእጁ እያለ አንድ ነጥብ የማያመልጠው ሰው ነው፤ ስለዚህ ምልክቱ የቆመው እሱ ሲቆም ነው። ሬይ ያንኳኳው አሥር ደቂቃ ገደማ ሲቀር፣ ዲክሰን ሲወጣ ነው። ያኔ ዶይል ሞቷል።»

«ቀድሞ ገድሎት ቢሆንስ?» አለ ሸሪፉ።

«ገድሎ የወጣ ሰው ተመልሶ በር አያንኳኳም፤ ያውም ዘበኛ ፊት። ቨርነንን አንተው ራስህ ታውቃለህ። ክብሪቱን መልስለት።»

ቨርነን እጁን ዘረጋ። ሸሪፉ ሰጠው።

«ሚስ ኔልስ ደብተር አላት» አለ ቨርነን። «ያንን የጻፈ ሰው ከወንበሩ አልተነሳም።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር፤ የዲክሰን ማሊያ በርሜል ውስጥ እስኪገኝ ድረስ። ልጁ በሁለተኛው አጋማሽ የተጫወተው ሃምሳ ቁጥር ለብሶ ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበረ መዝጋቢ አሥራ ሁለትን ሰርዞ ሃምሳ ይጽፋል። ዶይል እንኳ ምድር ቤት ሆኖ፣ ሬዲዮው ሲናገር ሰምቶ ጽፎታል። የሚስ ኔል ደብተር ላይ ግን ሃምሳ የሚባል ቁጥር የለም። የዲክሰን ነጥብ ሁሉ እስከ መጨረሻው አሥራ ሁለት ላይ ነው።»

ቨርነን ወደ ሚስ ኔል ዞረ።

«ያ ነጥብ አሥራ ሁለት ላይ የተጻፈበት ቦታ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ጨዋታውን እየተከታተለ ነጥብ የሚያወጣው የኮሌጁ ድረ ገጽ። እዚያ ስሙ ከቀድሞ ቁጥሩ አይነቀልም። ሚስ ኔል፣ በዕረፍት ሰዓት ወርደው መተላለፊያው ሰው እስኪያጣ ቆዩ። ሬዲዮው ስለ ማሊያው ሲናገር ገና ክፍሉ ውስጥ አልነበሩም፤ ከገቡ በኋላ ደግሞ የሚጠራው ስም እንጂ ቁጥር አይደለም። ወደ ወንበርዎ ሲመለሱ ዲክሰን ወጥቷል። ስለዚህ ያመለጠዎትን ከስልክዎ ገለበጡ። ሃምሳ ቁጥርን አንድ ጊዜ እንኳ አላዩትም።»

ሚስ ኔል እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አየቻቸው።

«አርባ ስምንት ዓመት» አለች። «አርባ ስምንት ዓመት የኮሌጁን ወረቀት አትመኑ ብዬ ጮህኩ። አንድ ቀን ብቻ አመንኩት።»

«ለምን ወረዱ?» አለች ኢሞጂን፤ መልሱን ግን ታውቀዋለች።

«ልለምነው። ሰሌዳህን ውሰድ፣ ክብርህን ውሰድ፣ እውነቱን ግን ራስህ ተናገር ልለው። በሩን ስከፍት እያጠፋ ነበር። ሜዳ ዳር እጁ ያየውን ይጽፋል፤ ቤቱ ሄዶ ሲገለብጥ ግን ልቡ የፈለገውን። እውነተኛው ያ የእርሳስ ገጽ ብቻ ነበር። እሱን በላጲስ ይፈገፍገዋል! ቀና ብሎም አላየኝም። ‹ሰኞ ባዶ ገጽ ታያላችሁ› አለኝ፤ ወዲያው ሬዲዮው ኳስ ገባ አለ፣ እሱም ነጥቡን ጻፈ። የኢላይጃን ሕይወት እያጠፋ ነጥብ ይጽፋል! ቃጭሉ እጄ አጠገብ ነበር።» ቀና አለች። «አልጸጸትም። ዛሬም ቢነሳ እደግመዋለሁ።»

ሬይ የታሰሩ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሚስ ኔል፣ ቅዳሜ ማታ ሲወስዱኝ በመስኮት እያዩ ነበር።»

«ሬይ...»

«እሁድ ሙሉ ቀን እስር ቤት ነበርኩ። እርስዎ እንዳልገደልኩ ያውቁ ነበር።»

«ይለቁሃል ብዬ ነው። ምንም ማስረጃ የላቸውም ብዬ...»

«በዚህ ከተማ? ለኔ?»

 ለወንድም ደም ሲባል ወንድም የሚከፈልበት በቀል፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ በቀል አይደለም፤ የዶይል ሥራ በሌላ እጅ ነው።

ሸሪፉ የሬይን ካቴና ፈትቶ በሚስ ኔል እጅ ላይ አሰረው። የኮሌጁ ጠበቃ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ የወይዘሮዋን የድሮ ደብተር በተመለከተ፣ ዛሬ አንዱ ሐሰት መሆኑ ስለተረጋገጠ ኮሌጁ ሌሎቹንም ሊቀበል አይችልም። የሚስተር ፔኒክስ ገጽም ባዶ ስለሆነ፣ የጸናው መዝገብ ሦስት እንዳለ...»

«ተቀመጥ» አለች ኢሞጂን።

ጠበቃው ተቀመጠ። መርማሪዋ ያረጀውን ደብተር ከከረጢት አውጥታ ገለጠች። ሎሬታን መጋረጃውን እንድትዘጋ ጠየቀቻትና ባትሪዋን አብርታ ብርሃኑን በወረቀቱ ላይ አግድም አስተኛችው። የዶይል እጅ ከባድ ነበር፤ ላጲሱ ጥቁረቱን ቢያነሳም ጭረቱን አላነሳም። ከኢላይጃ ቶሊቨር ስም ትይዩ ትናንሽ ጉድጓዶች ጥላ አጥልተው ወጡ። ቨርነን አጎንብሶ በጣቱ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ።

«ስንት ነው?» አለች ሚስ ኔል። ድምፁ የእሷ አይመስልም ነበር።

«አሥራ አንድ» አለ ቨርነን።

«ዘጠኝ ነው እኮ።»

«አሥራ አንድ ነው፣ ሚስ ኔል። ይኸው።»

አሮጊቷ ከንፈሯን ነከሰች። ሜዳ ዳር የተቀመጠው ጠላቱ፣ ከምትወደው ሴት ይልቅ ሁለት ኳስ አብልጦ አይቶለት ነበር። አይቶ ጽፎ፣ ጽፎ ቀብሮታል። ጠበቃው ቦርሳውን ከፍቶ አንድ ነገር መጻፍ ጀመረ።

«በል ቨርን» አለ ሬይ ዓይኑን ከገጹ ሳያነሳ። «የአርቡ ድምፅ ገና አልተሰጠም።»

«ስኪፕ ላንደርስ ይቅር ይበለኝ» ብሎ ቨርነን እጁን አወጣ። «ኢላይጃ።»

ሬይ እጁን አወጣ። ሎሬታ ከባንኮኒው ጀርባ እጇን አወጣች። ሚስ ኔል ሁለቱን የታሰሩ እጆቿን አንድ ላይ አነሳች፤ ብረቱ ተንኳኳ።

ሬይ አያት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ሲላት የኖረ ሰው ነው።

«አንቺ እጅሽን አውርጂ» አላት። «ሦስት ነው፣ ሎሬታ። ሦስት ብለሽ ጻፊ። ያልተመዘገበ አልተደረገም።»